ያቺኑ መጽሐፍ ስለምትጠይቅ ልጅ

«ልጄ በየምሽቱ ያቺኑ አንዲት መጽሐፍ ካላነበብክልኝ እያለች አስቸገረችኝ። እኔን ሰልችቶኛል፤ እሷም ከእኩዮቿ ወደ ኋላ እንዳትቀር ፈርቻለሁ። ብደብቅባት ይሻል ይሆን?» ብሎ አንድ አባት መምህር አስረስን ጠየቃቸው። እሳቸውም እንዲህ ሲሉ መለሱለት።

አንድ ገበሬ ነበረ። ከጥማዱ አንዱ በሬ ገደል ገብቶ ሞተበትና ባልተገራ ወይፈን ለማረስ ተገደደ። ክረምቱ ደርሷል፤ ወይፈኑ ቀንበር ካልለመደ መሬቱ ጦም ያድራል፣ ልጆቹም ይራባሉ።

ገበሬው ታታሪ ነበር፤ ቸኳይም ነበር። ወይፈኑን ከነባሩ በሬ ጋር ጠምዶ በጓሮው ቁራሽ መሬት ላይ ሲያመላልሰው ሰነበተና ታከተው። «ይህችንማ አወቃት፤ አዲስ ካላየ መቼ ሊማር ነው?» አለ። ወደ ቁልቁለቱ ወሰደው፤ ከዚያ ወደ ወንዙ ዳር፣ ከዚያ ወደ ድንጋያማው ማሳ። ወይፈኑ በሄደበት ሁሉ ይደነብራል፤ ውኃውን ሲያይ ይቆማል፣ ድንጋዩን ሲሸሽ ሞፈር ይሰብራል። ገበሬው ጅራፍ ሲያበዛበት ጭራሽ ተኛ።

ሚስቱ ምሳ ይዛ መጥታ አየችው። «አንተ ሰው፣ እሱ መቼ ቀንበሩን አሰበ? አገሩን ሲያይ ነው የሚውለው። ወደ ለመዳት መሬት መልሰው» አለችው።

ተናደደ፤ እውነቷን እንደሆነ ግን ገባው። ወይፈኑን ወደ ጓሮው መለሰና ቀንበሩን እስኪለምድ ከዚህች አላወጣውም ብሎ ቆረጠ። ያቺኑ ትልም፣ ያቺኑ መዞሪያ። ጎረቤቱ «ጓሮህን እኮ ዱቄት አደረግኸው» እያለ ቢስቅበትም አልሰማውም። ወይፈኑም የሚያስደነግጠው ነገር ሲያጣ እርምጃውን ከነባሩ በሬ ጋር ያስተካክል ጀመር። አንድ ጠዋት ከመሬቱ ዳር ሲደርሱ ገበሬው ገና «ተመለስ» ሳይለው ወይፈኑ ራሱ ዞረ። ገበሬው እርፉን እንደያዘ ከደስታው ብዛት እንባው መጣ። ድንጋያማውን ማሳ ያረሰው ከዚያ በኋላ ነው፤ ዝናቡም ሳይቀድመው ዘራ።

መምህሩ ይህን ብለው ወደ አባትየው ዞሩ። «ልጅህን ከወይፈን ጋር አስተያየሁብህ ብለህ አትቀየመኝ፤ ነባሩ በሬም አንተው ነህ። ልጅ አዲስ ታሪክ ሲሰማ ማን መጣ፣ ማን ሄደ ሲል ቃሉ ያመልጠዋል። የሚመጣውን ሲያውቅ ግን ጆሮው ለቃሉ፣ ዓይኑ ለሥዕሉ ይተርፋል። አንተ ገጹን ሳትገልጥ ቀድማህ አትናገርም?»

«ትናገራለች» አለ አባትየው፤ «አንድ መስመር ከዘለልኩም ትቆጣኛለች።»

«እንግዲያው እሷ እየተማረች ነው፤ የታከተህ አንተ ነህ። መጽሐፏን አትደብቅ። ዛሬም አንብብላት።»