የሰር ቶርኪል ጉርድ

ከስኮትላንድ ደሴቶች ወደ ግላስጎው የመጣች አንዲት ምላሰኛ መበለት ነበረች። በዚያ ሁሉ ከተማ ሰው የምታገኘው፣ የአባቶቿን ቋንቋ ጌሊክን ለማስፋፋት በተቋቋመው ማኅበር ብቻ ነበር። በዓመቱ ግብዣ ላይ ሊቀመንበሩ ሰር ቶርኪል፣ የአገሩ ወንዶች በበዓል ቀን የሚለብሱትን የሱፍ ጉርድ ታጥቀው ምድጃው ፊት ተገተሩና በጠራ እንግሊዝኛ አዲስ ደንብ አወጁ።

«ዛሬ ከጌሊክ ሌላ አንዲት ቃል የተነፈሰ ከማኅበሩ ይባረራል!»

አዳራሹ ጭጭ አለ። የሚሰማው የማንኪያ ድምፅ ብቻ ሆነ። ይሄኔ የሊቀመንበሩ ጉርድ ከኋላ መጨስ ጀመረ። አባላቱ ሁሉ አዩ፤ ግን «እሳት» በጌሊክ ምን እንደሚባል ከመበለቲቱ በቀር የሚያውቅ አልነበረምና ሳህናቸው ላይ አቀረቀሩ።

መበለቲቱ ብድግ ብላ በጌሊክ፣ «ጌታዬ፣ እየተቃጠሉ ነው!» አለች።

ሰር ቶርኪል የሚያውቁት የጌሊክ ቃል አንድ ብቻ ነበር። ብርጭቋቸውን አንስተው፣ «ለጤናችን!» አሉ።

«ኧረ ጌታዬ፣ ነበልባሉ ወገብዎ ደረሰ!»

«ለጤናችን!»

ነገሩ የገባቸው ሲለበልባቸው ነው። እየጮኹ ዘለሉና የወይን ማቀዝቀዣው በረዶ ላይ ዘፍ አሉ።

«ደንቡ ተሽሯል! አንቺ ሴት፣ ለምን በእንግሊዝኛ አልነገርሽኝም?»

«ጌታዬ፣ ጉርድ ቢቃጠል ሌላ ይሰፋል» አለች መበለቲቱ፤ «እኔ ከተባረርኩ ግን፣ ለከርሞ ሲቃጠሉ በቋንቋችን የሚነግርዎ ከየት ይገኛል?»