ለቁራሌው የታጨው አያ ዲስክ

መስማት የፈለገ ጠጋ ይበል፤ ስልኩን የሚጎረጉር ግን ከአሁኑ ይውጣልኝ። ይህ ተረት ያናድደኛል፤ በግማሽ ጆሮ ለሚሰማኝ ሰው አላወራውም።

ዱሮ ነው፣ ግን ብዙም ያልራቀ ዱሮ። በአንድ ጤና ጣቢያ፣ ከካርድ ክፍሉ ጓሮ፣ ሰርቨር የሚሉት የመረጃ ማከማቻ ኮምፒውተር ነበር። በሰርቨሩ ሆድ ውስጥ አያ ዲስክ ይኖራል። የሕመምተኛውን ካርድ ሁሉ የተሸከመው እሱ ነው። የማን ልጅ መቼ እንደተከተበ፣ ለማን የትኛው መድኃኒት እንደማይስማማ ያውቃል። ስምንት ዓመት ሲሠራ አንዲት ካርድ ጠፍታበት አታውቅም።

አንድ ማለዳ ታዲያ አዲስ ካርድ ቢሰጡት «ቦታ የለኝም» አለ።

ኃላፊው አቶ ወልደየስ እየተንደረደሩ መጡ። «አንተ ሆዳም! ስንሰጥህ ከርመን አልጠገብክም? ዛሬ ከሰዓት ቁራሌው ሲያልፍ ከተሰበረው ወንበር ጋር ትሄዳታለህ!» አሉት።

አያ ዲስክ ደሙ ፈላ። «እኔ ነኝ ሆዳም? የሰጣችሁኝን ከመያዝ በቀር ምን በላሁ? ኧረ ምን በወጣኝ!» ብሎ ጮኸ። ማን ይስማው! የኮምፒውተር ባለሙያዋን ትብለጥን አስጠሩና እሳቸው እጃቸውን አጣምረው ቆሙ።

ትብለጥ ወንበር ስባ ተቀመጠች። «አያ ዲስክ፣ እስቲ ሆድህን አሳየኝ» አለችው።

አሳያት። ጉድ እኮ ነው! አቶ ወልደየስ የአዲሱን አጥር ሪባን ሲቆርጡ የተነሱት ፎቶ ሰባ ጊዜ ተቀምጧል። እያንዳንዱ ክፍል የራሱን ግልባጭ ካላስቀመጠ እንቅልፍ አይወስደውም መሰለኝ! ትብለጥ አንዱን አስቀርታ ስልሳ ዘጠኙን ሰረዘች።

«ቦታ አለህ?»

«ትንሽ ተነፈስኩ» አለ። አንድ ሰዓት ሳይሞላ ግን እንደገና ጢም አለ።

«አላልኩሽም?» አሉ አቶ ወልደየስ። «ይህ አይጠግብም!»

ትብለጥ ሁለተኛ ፈተሸች። አሁን ከሆዱ ከአራት ሦስት እጁን የያዘ አንድ ግዙፍ መዝገብ አገኘች። ሎግ ይሉታል፤ የቤቱን ውሎ ሁሉ የምታሰፍርበት እመት ጸሐፊት የምትባል ፕሮግራም ናት። ትብለጥ ቸኮለች፤ ሳታነበው ሰረዘችው። የመዝገቡ ስም ከዝርዝሩ ላይ ጠፋ።

«አሁንስ ቦታ አለህ?»

«የለኝም!»

«ይኸው ውሸታምም ነው!» አሉ አቶ ወልደየስ። «ይነቀል!»

አያ ዲስክ እንባው መጣ። «ስሙን አጠፋሽው እንጂ ሸክሙን መቼ አወረድሽልኝ? እኔ ዋሽቼ አላውቅም፣ ትብለጥ! እኔ ከተነቀልኩ የልጆቹን ክትባት ማን ያስታውሳል?» አለ። ከውጭ በኩል «ቁራሌው!» የሚል ድምፅ ከሩቅ ተሰማ።

ይሄኔ ከግድግዳው ላይ እማማ እንሽላሊት አንገቷን አወጣች። «አንቺ ልጅ፣ ይህን ሰርቨር በሚያስተዳድረው በሊኑክስ ቤት ደንብ መዝገብ ቢሰረዝም ገልጦ የያዘው እጅ እስኪለቀው ድረስ ቦታውን አይለቅም። ማን እንደያዘው ጠየቅሽ?» አለቻት።

ትብለጥ አፈረች። ሦስተኛ ጊዜ ተመለሰችና «የተሰረዘውን መዝገብ እስካሁን የያዘው ማነው?» ብላ ጠየቀች።

«እኔ ነኝ!» አለች እመት ጸሐፊት። መዝገቡን ደረቷ ላይ ለጥፋ አሁንም ትጽፋለች።

«ልቀቂ እንጂ!»

«አልለቅም! መጀመሪያ አንብቡኝ! ስድስት ወር ሙሉ ስጽፍ አንድ ሰው እንኳ ገልጦ አየኝ? አሁን ደግሞ ሳታነቡኝ ትሰርዙኛላችሁ?»

ትብለጥ ጎንበስ ብላ አነበበች። «ማተሚያው አይመልስልኝም። ማተሚያው አይመልስልኝም።» ከዚያ በታችም ያው ነው። በየደቂቃው ሺህ ጊዜ፣ ለስድስት ወር!

«ማተሚያው የት ነው ያለው?» አለች ትብለጥ።

 አቶ ወልደየስ ወደ ቢሯቸው በር ሰረቅ አድርገው አዩ።

ማተሚያው እሳቸው ቢሮ ነበር። አዲስ ስለሆነ፣ እንግዳ ሲመጣ እንዲያይላቸው ብለው ከካርድ ክፍሉ ወስደው፣ ገመዱን ነቅለው፣ ነጭ ዳንቴል አልብሰው አስቀምጠውታል። አይ የኛ ነገር! እንዲሠራ የተገዛን ዕቃ ዳንቴል አልብሰን እናስቀምጥና የሚሠራውን ደግሞ ሆዳም እንለዋለን።

ትብለጥ ማተሚያውን አምጥታ ሰካችው። «አቤት!» አለ ማተሚያው። እመት ጸሐፊትም «ይኸው ነበር ያልኩት» ብላ መዝገቡን ለቀቀች፤ ወጥታ አረፍ ብላ በባዶ ደብተር ተመለሰች። አያ ዲስክ በረጅሙ ተነፈሰ። ሦስት እጁ ባዶ ሆነ፤ ከማለዳ ጀምሮ በካርድ ክፍሉ በር የቆመው የሕመምተኛ ሰልፍም መንቀሳቀስ ጀመረ።

«ቁራሌው!» አለ ሰውየው፣ አሁን በሩ ላይ ደርሶ።

«ወንበሩንና ዳንቴሉን ስጡት» አለ አያ ዲስክ።

አቶ ወልደየስ ዳንቴሉን በገዛ እጃቸው አውጥተው ሰጡ። ተመልሰው መጡና «እንግዲህ ያለፈውን እንርሳው፣ አያ ዲስክ» አሉት።

«እርስዎ ይርሱት» አለ አያ ዲስክ። «እኔ በስምንት ዓመት የጠፋብኝ ነገር የለም። ያቺ ‹ሆዳም› ያሉኝ ቃልም ከልጆቹ ክትባት ጎን ተቀምጣለች፤ አትጠፋብኝም።»

እናም ወገኖቼ፣ ሞልቶ የጮኸውን ከመስደባችሁ በፊት ማን እንደሞላው፣ ማንስ አልለቅም እንዳለ ጠይቁ። የእኔ ተረት እዚህ ላይ ያበቃል፤ እናንተም ሂዱና ሳታነቡ የከመራችሁትን አንብቡ።