ምዕራፍን ማን ይያዛት

በአንድ ወቅት ነው። ጠጋ በሉ፤ ይህን ሰምታችሁ ዝም ብላችሁ አትሄዱም፣ ትፈርዱልኛላችሁ። በአንድ ወቅት፣ አውቶቡስ ለምሳ ብቻ በሚቆምባት ትንሽ ከተማ መስታወት የምትባል ሴት ነበረች። ባሏ ልጃቸው ሳትወለድ ሞተባት። ልጅቷን ምዕራፍ አለቻት።

ገና በጡት ሳለች ግንባሯን ስትስማት ጨው ጨው ትላት ነበር። የልጅ ላብ ነው አሏት። ልጅቷ ግን ትበላለች፣ አትወፍርም። ትስላለች፣ አይለቃትም። ቢጨንቃት ትልቅ ሆስፒታል ወሰደቻት፤ ሐኪሙም ሲስቲክ ፋይብሮሲስ ነው አላት። ስሙ ለአፌ ይከብደኛል፣ ነገሩ ግን እንዲህ ነው። ከእናትም ከአባትም በደም ይመጣል፤ አክታውን እንደ ሙጫ ያወፍረዋል። ሳንባ ላይ ተጣብቆ ትንፋሽ ይዘጋል፣ ሆድ ገብቶም ምግቡ እንዳይፈጭ ያደርጋል።

«ጨርሶ አይለቃትም» አላት ሐኪሙ፤ «ተጠንቅቀው ከያዟት ግን ታድጋለች። ጥንቃቄው ደግሞ እኔ ጋ አይደለም፣ እቤትሽ ነው።»

እቤት ያለው ሥራ ይህ ነው። ጠዋትና ማታ መድኃኒቱን ጉም አድርጎ በጭምብል የሚያስተነፍስ ማሽን አለ፣ ኔቡላይዘር ይሉታል። እሱ ሲያልቅ እጅን ጎድጎድ አድርጎ ጀርባና ደረቷን መታ መታ ማድረግ፣ አክታው እንዲላቀቅ። በበላች ቁጥር ምግቡን የሚፈጭላትን እንክብል ከፍቶ ፍሬውን በተፈጨ ሙዝ መስጠት፤ ትኩስ ነገር ላይ ከሆነ ይበላሻል። የማሽኑን ዕቃ ማጠብ፣ መቀቀል፣ ማድረቅ። ቅባት ያለው ምግብ ማብላት። ይህ አንድ ቀን ተሠርቶ የሚያበቃ አይደለም፤ ነገም ያው ነው። መስታወት ይህን ስትሠራ ልጅቷ ፊደል የምትቆጥርበት ዕድሜ ደረሰች።

ከዚያ እናትየው ራሷ መሳል ጀመረች። ቲቢ ነው ተባለች፣ ያውም መድኃኒት የተላመደ። ልጅቷ ተመርምራ ነጻ ሆነች፤ ሐኪሙ ግን አንድ ቤት እንዳያድሩ ከለከለ። እናትየው ሩቅ ከተማ ባለው የቲቢ ሆስፒታል አልጋ እስኪገኝላት፣ ልጅቷን ሦስት ሴቶች በየተራ ተቀበሏት። መስታወት በየቀኑ አፍና አፍንጫዋን ሸፍና ትመጣለች፤ ግቢው ዳር ዱካ ላይ ትቀመጣለች። ልጇን አትነካም። ሳሏን ግን ታዳምጣለች። የምዕራፍን ሳል ታውቀዋለች፤ ደረቁ የቱ እንደሆነ፣ የሚላቀቀው የቱ እንደሆነ።

መጀመሪያ የወሰደቻት እማማ ደብሪቱ ናት፣ የሟቹ ባሏ እናት። ጊዜው ሁዳዴ ነው። እማማ ደብሪቱ የፍስክ ዕቃዋን አጥባ ሰቅላ እስከ ፋሲካ የማትነካ ሴት ናት። ያን ዓመት ግን ድስቱን ከተሰቀለበት አወረደች። እሷ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ ሳትቀምስ ለልጅቷ ቅቤ ታቀልጣለች፣ እንቁላል ትጠብሳለች።

«እማማ ደብሪቱ፣ የቅቤው ሽታ እኮ ቅዳሴ ድረስ መጣ» አሏት ጎረቤቶቿ።

«ይምጣ። የልጅቷም ሳል እዚያ ድረስ ይሰማል።»

ማሽኑ ጠዋት ሳይዘገይ፣ ማታ ሳይረሳ ይሠራል፤ በእሷ ቤት አንድም ጊዜ አልተዘለለም። ልጅቷ ግን ጭምብሉን ስታይ አልጋ ሥር ትገባለች። አያቷ ጎትታ አውጥታ በጉልበቶቿ መሃል አጣብቃ ትይዛታለች።

«እማማ፣ ስታለቅስ ጉሙ ወደ ውስጥ አይገባላትም ብሎኛል እኮ ሐኪሙ» አለች መስታወት ከዱካዋ ላይ።

«እሷን ስለማመጥ ቀኑ ይመሻል፣ ልጄ። አባቷን ቀብሬያለሁ፤ እሷን አልቀብርም።»

ምዕራፍ ወፈረች፤ ጉንጯ ሞላ። ነገር ግን አንዳንድ ቀን ሙዙን ከነመድኃኒቱ ጉንጯ ውስጥ ይዛ ቆይታ ጓሮ ትተፋለች። እማማ ደብሪቱ አንዴ በዓይኗ አይታዋለች። መስታወት ስትጠይቃት ግን «ሁሉንም ውጣለች» አለቻት። መስታወትም ጓሮ ላይ የደረቀውን ሙዝ አየች።

ቀጥሎ ሰናይት ወሰደቻት፣ የመስታወት ታናሽ እህት። ሰናይት ሹሩባ ሠሪ ናት፤ የማይቀመጥ ልጅ እንዴት እንደሚቀመጥ የምታውቅ። ጉሙን ደመና አለችው። ጭምብሉን መጀመሪያ ወደ ራሷ አፍ ታስጠጋና ዓይኗን ታፈጣለች።

«ዛሬ ምን እናዘንባለን? ካፊያ?»

«በረዶ» ትላለች ምዕራፍ።

«በረዶ ከሆነ እስከ ሆድሽ ሳቢው። በአፍንጫ ጫፍ በረዶ አይዘንብም።»

ጀርባዋን ስትመታላት በሠርግ ዘፈን ምት ነው፤ ልጅቷ እየሳቀች ትስላለች፣ እየሳለች ትስቃለች፣ አክታው ይወጣል። በሰናይት ቤት ጭምብሉን ራሷ ይዛ እየሮጠች የምትመጣ ሆነች። መስታወት ያን የሚላቀቅ ሳል ሰምታ በአፍ መሸፈኛዋ ውስጥ አለቀሰች።

አንድ ቅዳሜ ግን ቤቱ በሙሽራና በሚዜ ተሞላ። የሚሠራው ፀጉር ብዙ ነው። ማታ መብራት ጠፋ፤ ሰናይትም ሲመጣ አደርገዋለሁ አለች። መብራቱ ሲመጣ ልጅቷ ተኝታለች። እንዴት ልቀስቅሳት ብላ ተወችው። በነጋታው መስታወት ዱካዋ ላይ ገና ከመቀመጧ ሳሉን ሰማች። ደርቋል።

«ትናንት ማታ ደመና ነበር?»

«ነበር፣ እትዬ» አለች ሰናይት ከምትሠራው ፀጉር ላይ ቀና ሳትል።

«ተኝቼ ነበር» አለች ምዕራፍ።

ሦስተኛዋ እትዬ ይርገዱ ናት፣ ጎረቤት። ዘመድ አይደለችም፤ ልጅም አልወለደች። ዝምተኛ ናት። አታስገድድም፣ ጨዋታም አታውቅበትም። «አሁን ይሁን ወይስ ፊትሽን ከታጠብሽ በኋላ?» ትላታለች፤ ከዚያ ጭምብሉን ይዛ ትጠብቃለች። ልጅቷ አልፈልግም ብትል «እሺ፣ እዚሁ ነኝ» ትላለች፤ ከቦታዋም አትነሳም። ልጅቷ ሲሰለቻት ትመጣለች። የማሽኑን ዕቃ እንደ እሷ ያጸዳ የለም፤ ቀቅላ በንጹሕ ነጠላ ላይ ትደፋዋለች።

አንድ የበዓል ቀን መድኃኒቱ የሚበጠበጥበት የታሸገ ጨው ውሃ አለቀባት። መድኃኒት ቤቱ ተዘግቷል። ጓዳዋ ውስጥ ከማርያም የቀዳችው ጠበል አለ። ከዚህ የነጻ ውሃ ከየት ይመጣል ብላ፣ ፈርታም አምናም፣ እሱን ጨመረችበት። አትፍረዱባት ገና፤ ቆዩ። ማሽኑ ሠራ፣ ልጅቷ ተነፈሰች፣ ምንም አልሆነችም። ያየ ሰው የለም። እትዬ ይርገዱ ግን ምሳዋን አልበላችም። ልጅቷን አዝላ መስታወት ቤት ደጃፍ ቆመች።

«መስታወት፣ አንቺን ሳልጠይቅ አንድ ነገር አድርጌያለሁ» ብላ የሆነውን ነገረቻት።

መስታወት አፍና አፍንጫዋን ሸፍና ወጣች። «እትዬ፣ ጠበሉን ናቀች እንዳትዪኝ። ለመጠጥ ቢሆን ምን ነበረበት። ያልፈላ ውሃ ሳንባዋ ከገባ ግን…»

«እሱን ፈርቼ ነው የመጣሁት። አንቺ አትነኪያትም፤ እኔ ልውሰዳት።»

ሆስፒታል አደረሰቻት። ትኩሳቱ የተነሳው እዚያው ነው። ክፉኛ ታመመች፤ እትዬ ይርገዱ ከአልጋዋ ሥር አልተነሳችም። መድኃኒቱ ቶሎ ስለተጀመረላት ተረፈች። ሐኪሙ ለመስታወት «ቢደብቁን ኖሮ የተለመደው ሳሏ ነው ብለን እንመልሳት ነበር» አላት።

ታዲያ ልጅቷ አገግማ ስትወጣ ለመስታወት አልጋ ተገኘ። ከወራት በፊት አትመለስም። ሐኪሙም ቁርጡን ነገራት፤ «ሦስት ቤት መዞሯ ይብቃ። አንድ ቤት ትግባ፣ ተጠያቂውም አንድ ሰው ይሁን።»

በመሄጃዋ ቀን ሦስቱም ሴቶች ግቢዋ ውስጥ ተገናኙ። መስታወት ዳር ዱካዋ ላይ ናት። መኪናው በር ላይ ቆሟል።

እማማ ደብሪቱ «ከልጄ የቀረችኝ እሷ ናት» አለች። «ትጥላኝ። ጠልታኝ ትኑርልኝ።»

ሰናይት «እኔ አንድ ማታ አጥፍቻለሁ፣ ዋሽቼሻለሁም» አለች። «ግን ይህ መድኃኒት የዕድሜ ልክ ነው፣ እትዬ። እማማ በጉልበት ይዘዋት እስከ መቼ? ጉልበት ያወጣች ቀን ወርውራው ትሄዳለች። እኔ ጋ ግን ራሷ ነው የምትፈልገው።»

እማማ ደብሪቱ ወደ እትዬ ይርገዱ ዞር ብላ «አንቺ ደግሞ ሳንባዋን ልትጨርሺ የነበርሽ አይደለሽም?» አለቻት።

«ነኝ» አለች እትዬ ይርገዱ። ከዚያ ለመስታወት፣ «እኔ ሥጋዋ አይደለሁም። ነገም ልሳሳት እችላለሁ። ግን የሆነውን ሁሉ ከእኔ አፍ ትሰሚዋለሽ፤ ሩቅ ነሽና» አለቻት።

መስታወት ልጇን ተመለከተች። «ምዕራፌ፣ ማን ጋ ትሆኛለሽ?»

«አንቺ ጋ» አለች ልጅቷ።

ሹፌሩ «እህቴ፣ መንገዱ ሩቅ ነው» አላት። መስታወት ተነሳች። ከእንግዲህ ያን ሳል ከሩቅ እንኳ አትሰማውም፤ የሚሰማላትን ሰው መርጣ ነው የምትሄደው።

እኔ ይህን ለብዙ ሰው አውርቻለሁ፤ በአንድ ቤት እንኳ ሁለት ሰው ተስማምቶበት አያውቅም። አንዷ አንድም ጊዜ አላጓደለችም፣ ልጅቷን ግን አስመርራለች፣ የተተፋውንም ደብቃለች። አንዷ መድኃኒቱን አስወድዳታለች፣ ግን አንድ ማታ አጓድላ ዋሽታለች። አንዷ ከሁሉም የከፋውን ስህተት ሠርታለች፣ ማንም ሳይጠይቃት ግን ተናግራለች።

በሉ እንግዲህ፣ እናንተ መስታወትን ብትሆኑ፣ ምዕራፍን ለማን ሰጥታችሁ ትሄዱ ነበር?