ከቅጹ የቀረችው ልጅ

አንድ ቦርሳ የሚሰፋ ሰው ነበረ። ሐመልማል፣ የጠየቅሽኝን ከመመለሴ በፊት የዚህን ሰው ነገር ስሚ። በደብዳቤሽ «እናቴ ዘንድ የምታድገውን ልጄን ባሌ አያውቃትም። አሁን የጉዞ ቅጹ ላይ ሳልጽፋት ልለፍና አገሩን ከለመድኩ በኋላ ላስመጣት ወይ?» ብለሽኛል። አዎ ወይም አይ ብሎ መመለስ ይቻል ነበር። እንደዚያ ያለውን መልስ ግን ሰው ቶሎ ይረሳዋል።

ሰውየው ወጣት ሳለ፣ ትዳር ሳይዝ፣ አንዲት ልጅ ወለደ። የልጅቱ እናት ልጇን ትታለት ሌላ አገባች። አባቱ በሰፈሩ የተከበሩ ሰው ነበሩና ነገሩን በአገሩ ልማድ ሸፈኑት፤ ሕፃኗን ወስደው በራሳቸው ስም አስጠሯት። የሰውየውና የልጅቱ የአባት ስም አንድ ሆነ፤ ለጎረቤት ታናሽ እህቱ ሆነች። እሷም አፏን ስትፈታ «ጋሼ» አለችው። የተጎዳ ሰው ያለ አይመስልም ነበር። ልጅቱ በልታ አደረች፣ ትምህርት ቤት ገባች። ሰውየውም አግብቶ ሁለት ወንዶች ልጆች ወለደ። ለሚስቱ አልነገራትም። በመጀመሪያው ዓመት አፈረ፤ በሁለተኛው ዓመት ደግሞ በመጀመሪያው ስላልተናገረ አፈረ። እንዲህ እያለ ዓመታት ሄዱ።

በዚያን ጊዜ አንድ ሩቅ አገር «ሙያ ያለው ሰው መጥቶ ሥራ ቢከፍትና ሰው ቢቀጥር ከነቤተሰቡ እንቀበለዋለን» አለ። ሰውየው ሙያ ነበረው። ሚስቱን ይዞ ቅጽ የሚሞላ ጸሐፊ ዘንድ ሄደ። ጸሐፊው ቀልድ የሚወድ ሽማግሌ ነበር፤ እያንዳንዱን ጥያቄ ጮክ ብሎ እያነበበ ይሞላል።

«ልጆች ስንት?»

«ሁለት» አለች ሚስቱ።

«ልብ በሉ፤ አብሮ የሚሄድም የሚቀርም፣ ከዚህ ትዳር የተወለደም ከሌላ የተወለደም፣ አንድ ሳይቀር ይጻፍ ይላል።» ጸሐፊው ሰውየውን በመነጽሩ ላይ አየው። «ጌታው፣ በጉብዝናህ የዘራኸው ካለ ዛሬ ተናገር። እኔ ቄስ አይደለሁም፣ አልቆጣህም።»

ሚስቱ ሳቀች። «እሱ? ኧረ ተወው! እኔንም ያዩለት እናቱ ናቸው።»

ሰውየውም አብሮ ሳቀ። «ሁለት ብቻ ናቸው» አለ። ጸሐፊው ከሁለተኛው ልጅ ስም በታች ያለውን ባዶ ቦታ በሰረዝ ዘጋው።

ሰውየው ክፋት አላሰበም። ልሻገር እንጂ እሷን ኋላ እወስዳታለሁ ብሎ ነበር። ባደገበት አገር፣ ሠርግ ቤት ዘግይቶ የደረሰ ዘመድ አይመለስም፤ «ተጠጋጉ» ይባልና ቦታ ይገኝለታል። የዚያኛውም አገር በር የሠርግ ቤት በር መስሎት ነበር።

ሄዱ። ሥራው ቀና። በአምስት ዓመት ውስጥ ስምንት ሠራተኞች ቀጠረ። በስድስተኛው ዓመት እናቱ ሞቱ፤ ዓመት ሳይሞላ አባቱ ተከተሏቸው። ልጅቱ በአሥራ ስምንት ዓመቷ በዚያ ቤት ብቻዋን ቀረች። ያን ጊዜ ሰውየው ለሚስቱ ሳይናገር፣ ከውጭ የሚገባውን ሰው ወደሚመዘግበው የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሄደ።

«ልጄን ላስመጣ ነው» አለ። ይህን ቃል በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ የተናገረው ለማያውቃት ሴት፣ በሰው አገር ቋንቋ ነበር።

ሴትዮዋ መዝገቡን አገላበጠች። «ልጆችህ ሁለት ናቸው።»

«ሦስት ናቸው። ከፈለጋችሁ ደማችንን መርምሩ።»

«ደማችሁን አልተጠራጠርንም። በመጀመሪያው ቀን ያልተጻፈ ልጅ በልጅነት አይገባም፤ ሕጋችን ነው።»

«በእህትነትስ? በወረቀት እህቴ ናት።»

«እህት ማስመጣት አይፈቀድም።» ሴትዮዋ ቀና ብላ አየችው። «ለመሆኑ ምንህ ናት?»

ሰውየው ወረቀቱን ሰብስቦ ወጣ።

ነገር ግን አሠሪ ነበረ። ለአሠሪ ሌላ በር ነበረው፤ ባለሙያ ያጣ እንደ ሆነ ከውጭ ሠራተኛ ማስመጣት ይችላል። የሚከለከለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሠራተኛው የአሠሪው ዘመድ መሆን የለበትም። ልጅቱ አንድ ዓመት ሙሉ አገር ቤት በቀድሞው ሥራ ቤቱ ቆዳ መቁረጥና መስፋት ተማረች። እጇ እንደ እሱ ሆነ። ከዚያ የሁለት ዓመት ውል ላከላት። በውሉ ላይ እሱ አሠሪ፣ እሷ ሠራተኛ ሆነው ፈረሙ።

በመጣች ማግስት «ቢጠይቁሽ ዘመድ አይደለንም በይ» አላት። «ሥራ ቦታም ጋሼ አትበይኝ።»

«ታዲያ ማን ልበልህ?»

«እንደ ሌሎቹ አለቃ በይኝ።»

«እሺ» አለች።

ሰው እንዳይጠረጥር ብሎ ሌላ ሰፈር ክፍል ተከራየላት። ሚስቱ ይህን አልወደደችም። «እኛ ቤት ክፍል ጠፍቶ ነው እህትህን ከባዳ ጋር የምታሳድራት? የእኔ ወንድም እንዲህ ቢያደርገኝ ዐይኑን አላይም ነበር!» ትለዋለች። እሱም ሕጉ ነው ይላታል። ሕጉ መሆኑ እውነት ነበር።

ከዕለታት አንድ ቀን ጠዋት ከዚያ መሥሪያ ቤት መርማሪ መጣ። በዚያ አገር የሁለት ሰዎች የመጨረሻ ስም አንድ ከሆነ የአንድ ቤት ሰዎች ናቸው፤ መርማሪውም ወረቀቱን ሲያይ ተጠራጥሮ ነው። ልጅቱ የስፌት መኪናዋ ፊት ተቀምጣ የቦርሳ እጀታ ትሰፋለች። ሰውየው አጠገቧ ቆሟል።

«ስማችሁ አንድ ነው» አለ መርማሪው። «ይህች ልጅ ምንህ ናት?»

እውነቱን ቢናገር ምን ይመጣ እንደ ነበር ሰውየው ዛሬም አያውቅም። ምናልባት ፈቃዱን ይቀሙት ነበር። ምናልባት ልጅቱን ይመልሷት ነበር፤ ምናልባትም ይቅር ይሉት ነበር። ያን ሁሉ ያሰበው ግን በኋላ ነው። በዚያች ሰዓት ስለ ፈቃድ አላሰበም። ሚስቱ በወዲያኛው ክፍል ነበረችና የእሷ ጆሮ ብቻ ታየው። መሬት መሬት እያየ ዝም አለ።

ዝምታው ሲረዝም ልጅቱ ከሥራዋ ሳትነቀነቅ መለሰች። «ምኑም አይደለሁም። የአባቶቻችን ስም ተገጣጥሞ ነው። በእኛ አገር ብዙ ሰው በዚህ ስም ይጠራል።»

መርማሪው ጻፈ፤ አመስግኖ ሄደ።

ሰውየው ወንበር ስቦ ተቀመጠ። «ደኅና አድርገሽ መለስሽለት» አላት።

«አባባ ሊሞቱ ሲሉ ነግረውኛል» አለች። ድምጿን ዝቅ አደረገችው፤ ለእሱ ብላ ነው። «ዛሬ ይነግረኛል፣ ነገ ይነግረኛል እያልኩ ጠበቅሁህ። አሁን የመንግሥት ሰው ሳይቀር ጠየቀህ።» ክሩን በጥርሷ በጠሰችና ሌላ እጀታ አነሣች።

ሁለቱ ዓመት ሲያልቅ ውሏን አላደሰችም። እጇ ሥራ ያውቅ ስለ ነበር ሌላ አሠሪ ወሰዳት፤ በራሷ ሙያ የራሷን ፈቃድ አገኘች። በበዓል ቀን እንኳን አደረሰህ ብላ ትደውላለች። አሜን፣ እንኳን አብሮ አደረሰን ይላታል። ከዚያ ስልኩን ይዘጋሉ።

ሐመልማል፣ ነገሩ እንዲህ ነው። የምትሄጂበት አገር ሕግ ይጥበቅ ይላላ አላውቅም፤ እሱን ከሚያውቅ ጠይቂ። የሰውየውን ልጅ ግን ሕግ አላስቀራትም። በሌላ በር ገብታለች፤ ሠርታለች፣ ፈቃድም አግኝታለች። ያልገባችው ልጅ ሆና ነው። ያንን በር የዘጋው አገሩ አይደለም፤ የጸሐፊውም ሰረዝ አይደለም። አንቺም ዛሬ ልትዘጊው ያሰብሽው እሱኑ ነው። ኋላ እከፍተዋለሁ ትያለሽ፤ እሱም እንደዚያው ብሎ ነበር።

ሰውየውን ወንድ ያደረግሁት ስለማፍር ነው። ፊት ለፊት ብትጠይቂኝ ኖሮ ይህን ሁሉ አላወራም ነበር፤ የእጅ ሥራ መምህርሽ ሳለሁ እንኳ ተማሪ ትክ ብሎ ሲያየኝ እንደምደነግጥ ታውቂያለሽ። ቦርሳ ሰፊዋ እኔ ነኝ። ጸሐፊው ፊት «እሷ ደግሞ! የወንድ እጅ ለመጨበጥ እንኳ የምታፍር» ብሎ የሳቀው ባሌ ነው። ከትምህርት ቤት ስወጣ በር ላይ የምትጠብቀኝን ታናሽ እህቴን አዜብን ታስታውሻለሽ። አዜብ ልጄ ናት።

ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ዘጠኝ ቀን ሆነው። ማክሰኞ ለባሌ ነገርኩት። እስከ ዛሬ አላናገረኝም፤ ያቀረብኩለትን ምሳ ግን በልቷል። ነገ አዜብ ከሥራ ስትወጣ በሩ ላይ እጠብቃታለሁ። ሳትጠይቀኝ እነግራታለሁ። ምን እንደምትለኝ አላውቅም፤ ምንም ላትለኝም ትችላለች።

ያንቺዋ አምስት ዓመቷ ነው ብለሻል። በአምስት ዓመት «እማዬ» ማለት አይከብድም። ባልሽን ዛሬ አስቀምጠሽ ንገሪው፤ ከዚያም ቅጹ ላይ ጻፊያት።