በሞቴ ስልህ!

ምላሷ የሰላ አንዲት ባልቴት ነበረች፤ እንግዳ ካላጎረሰች የበላችው አይረጋላትም። አንድ ቀን እጇን ታጥባ ለምሳ ገና ስትቀመጥ፣ መልአከ ሞት ሰይፉን እንደ መዘዘ መጥቶ ከፊቷ ተገተረ።

«ተነሺ! ነፍስሽን ልወስድ መጥቻለሁ» አላት እየተጀነነ።

የባልቴቷ ፊት እንኳ አልተለወጠም። ሽሮውን በእንጀራ ጠቀለለችና «ቤት ለእንግዳ! መንገደኛማ ሳይቀምስ ከቤቴ አይወጣም። እንካ ልጄ፣ ጉረስ!» አለችው።

«አልጎርስም!»

«አንዲት ብቻ፤ አፈር ስሆን!»

«እምቢ!»

«በሞቴ! ኧረ በሞቴ ስልህ!»

«ሴትዮ፣ እምቢ አልኩ እኮ!»

ባልቴቷ ጉርሻውን ራሷ ጎረሰችው፤ ሳትቸኩል አላምጣ ዋጠችና ቀና አለች።

«እንግዲያው በሰላም ግባ፣ ልጄ» አለችው። «በሞቴ ብዬ ለምኜህ እጄን ከመለስክ፣ ሞቴ አንተ ዘንድ የአንዲት ጉርሻ ያህል እንኳ ዋጋ የለውም ማለት ነው። ታዲያ እንዲህ የናቅከውን ሞት ምን ያደርግልኛል ብለህ እስከ ሰማይ ትሸከመዋለህ?»