ደወሉና የዳገቱ ውሻ

ተረት ተረት ብዬ መጣሁ፤ የመሠረት ካላችሁኝ ቁጭ ልበል።

ድሮ ድሮ በአንዲት የገጠር ቤተ ክርስቲያን፣ ወይራ ዛፍ ላይ የተሰቀለ ደወል ነበር። ድምፁ ተራራ ይሻገራል። ታዲያ ሰዉን ሁሉ ለቅዳሴ የማመጣው እኔ ነኝ እያለ ይኩራራ ነበር። ከዳገቱ ሥር የሚኖሩት እማማ ይመናሹ ብቻ አስቸገሩት፤ ሦስት ዓመት ሙሉ ቢጮኽም ዝር አላሉም።

አንድ እሑድ ማለዳ ግን ዳገቱን ሲወጡ አያቸው። ከፊታቸው አንድ ባለቤት የሌለው ውሻ ይሄዳል። ዱላቸው ሲወድቅ በአፉ አንስቶ ያቀብላቸዋል፤ ሲደክማቸው ቆሞ ይጠብቃቸዋል። ውሻ ቅጥሩን አያልፍምና፣ እሳቸው ሲገቡ እሱ በሩ ላይ ተኛ።

"አንተ ውሻ!" አለ ደወሉ። "እኔ ጉሮሮዬ እስኪሰነጠቅ ጮኼ እምቢ ያለችኝን ሴትዮ ምን ብለህ አመጣሃት?"

"ምንም አላልኳቸውም" አለ ውሻው። "አንተንማ ሁልጊዜ ይሰሙሃል። ዳገቱ ነው ያቃታቸው።"

የደወሉን ገመድ ይዘው የቆሙት ሽማግሌ ደዋይ ይህን ሰሙ።

በሚቀጥለው እሑድ ደወሉ ገመዱን የሚስብለት አጥቶ ረፈደበት። ምን ነካቸው ብሎ ቁልቁል ቢያይ፣ ደዋዩ የእማማ ይመናሹን ክንድ ደግፈው ዳገቱን ይወጣሉ። ውሻው ጅራቱን እየቆላ ከፊት ከፊት ይላል። ከኋላ ደግሞ ደወሉ አይቷቸው የማያውቅ ሁለት አሮጊቶች ተያይዘው ይከተላሉ።

ያን ዕለት ደወሉ አልተደወለም። ተረቴም እዚህ ላይ ዝም አለች።