ምርቃት የማይወደው ሙጫ

እንደማታምኑኝ አውቃለሁ፤ ከዋሸሁ ግን ምላሴ ይቆረጥ! የእማማ ዘርትሁን ልጅ ሐይቁ መሃል ካለው ደሴት ላይ ወለደች። እማማ የአራስ ቅቤ ይዘው ዳር ላይ ቆሙ። ፀሐይዋ ቅቤው ላይ አፍጥጣለች።

«ጀልባ፣ አሻግሪኝ!»

ጀልባዋ፣ «የፋይበር ሆዴ ተሰንጥቋል፤ ሙጫ ካልደፈነኝ አልንሳፈፍም» አለች።

ሙጫውን ጠሩት። «ማጠንከሪያ ካልተቀላቀለብኝ አልደርቅም» አለ። ሙጫው አልደርቅም አለ፣ ጀልባዋ አልንሳፈፍም አለች፣ ቅቤው አልጠብቅም ብሎ ይቀልጣል።

ማጠንከሪያውን ጠሩት። «ለአንድ ጣሳ ሙጫ አንድ ማንኪያ ነኝ፤ በልክ ካልተሰፈርኩ አልስማማም» አለ። ማጠንከሪያው አልስማማም አለ፣ ሙጫው አልደርቅም አለ፣ ጀልባዋ አልንሳፈፍም አለች፣ ቅቤው አልጠብቅም ብሎ ይቀልጣል።

ባለሱቁ ጋሽ ወርቅዬ ማንኪያ አነሱ። እኛ ዘንድ ደግሞ ምርቃት የሌለው ስፍር ነውር ነው፤ ጨው የገዛ እንኳ እፍኝ ይጨመርለታል። ጋሽ ወርቅዬ አንድ ማንኪያ ሰፈሩና፣ «ይቺ ደግሞ ምርቃት!» ብለው ሁለት ደገሙ። ሙጫው ጨሰ፣ ፈላ፣ ጣሳው እጅ ላጠ፤ ሲደርቅ እንደ ድርቆሽ ቋ! ብሎ ተሰነጠቀ።

«ወይ መከራዬ! እንግዲያው ለሙጫውም ይመረቅለታ!» አሉ እማማ። ሌላ ጣሳ ሙጫ ላይ ግማሽ ጣሳ ሙጫ ተመረቀ፤ ማጠንከሪያው ግን ያው አንድ ማንኪያ። አሁን ደግሞ እንደ ማር ተዝለግልጎ ቀረ። ዶሮዬ ረግጣው ጫማ አጥልቃ ሄደች!

ማንኪያዋ በተራዋ ተቆጣች፤ «ምርቃት የማያውቅ እጅ ካልያዘኝ አልሰፍርም!» ማንኪያዋ አልሰፍርም አለች፣ ማጠንከሪያው አልስማማም አለ፣ ሙጫው አልደርቅም አለ፣ ጀልባዋ አልንሳፈፍም አለች፣ ቅቤው እማማ ክርን ደርሷል።

«እናንተ ሰዎች ልትገድሉኝ ነው! ንፉጉን ቢተውን ጥሩልኝ!» አሉ እማማ።

አያ ቢተው ሰላም ሲል እንኳ ሁለት ጣት ብቻ የሚዘረጋ ሰው ነው። መጣ፤ ሰፈረ፤ የማንኪያዋን አናት በአውራ ጣቱ ላጨ። ከሥሯ የተንጠለጠለችውን ጠብታ ሳይቀር ወደ ጠርሙሱ መለሳት።

ያኔ ማንኪያዋ ሰፈረች፣ ማጠንከሪያው ተስማማ፣ ሙጫው ደረቀ። በድንጋይ ብንመታው ድንጋዩ ተሰበረ! ጀልባዋ ተንሳፈፈች፣ የተረፈው ቅቤ ተሻገረ።

እማማ ከጀልባዋ ላይ፣ «ቢተው ልጄ፣ ዕድሜ ይጨምርልህ!» ብለው ጮኹ።

መንደሩ በሙሉ፣ «ይጨምርለት!» አለ።

ሚስቱ አስካለ ከኋላ እየተጋፋች መጣች፤ «ኧረ አትጨምሩበት፣ ይሰነጠቃል!»